ከአንድ አሚቾ መቶ ቡቃያ

ሙዝ ሲያረጅ ልጆቹን ዙሪያውን ትቶ ይሞታል። ባለቤቱ ከጎን የበቀለውን ቆፍሮ ማንሳትና ሌላ ቦታ መትከል ብቻ ይጠበቅበታል። እንሰት እንዲህ አያደርግም። መልኩ ሙዝ ይመስላል፣ ዘመዱም ነው፤ ግን ብቻውን ይቆማል። ለዓመታት ያድጋል፣ በዕድሜው አንድ ጊዜ ያብባል፣ ፍሬውን ይዞ ይደርቃል። ሳይነኩት ከተዉት ከእግሩ ሥር ቡቃያ አይሰጥም። ስለዚህ በጉራጌ፣ በሲዳማ፣ በሀዲያ፣ በከምባታ፣ በወላይታና በጌዴኦ በየጓሮው ተሰልፎ የምናየው እንሰት በራሱ የተራባ አይደለም። ከእያንዳንዱ ተክል ጀርባ ቢላ የያዘ እጅ አለ። ያ እጅ የሚሠራው ሥራ ትንሽ ነው፤ የሚጠይቀው ልክ ግን ጥብቅ ነው።

ከእንሰት አገር ውጭ ያደገ ሰው ተክሉን ኮባ ብሎ ያውቀዋል። ድፎ ዳቦ የሚጋገረው በእሱ ቅጠል ተጠቅልሎ ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ውስጥ የእንሰትን ሥዕል አስገብቷል። የዱር እንሰት በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካ ብዙ አገሮች ይበቅላል። አልምቶ፣ ጓሮ አስገብቶ፣ ቆጮና ቡላ የተባሉ ምግቦች ያደረገው ግን የኢትዮጵያ ገበሬ ብቻ ነው። ዛሬ ከ20 ሚሊዮን በላይ ሰው ኑሮው ከዚህ ተክል ጋር የተያያዘ ነው።

ሥራውን ለመረዳት መጀመሪያ የተክሉን አሠራር ማየት ያስፈልጋል። ከመሬት በላይ ቆሞ የሚታየው ወፍራም ግንድ እውነተኛ ግንድ አይደለም። የቅጠሎቹ እግር እርስ በርሱ እየተጠቀለለ እንደ ሽንኩርት የተደራረበ ነው። ውጭ ያለው አሮጌው ነው፤ ወደ ውስጥ በተሄደ ቁጥር ቅጠሉ ይለጋል። አዲሱ ቅጠል መሐል ለመሐል፣ እንደተጠቀለለ፣ ወደ ላይ ይወጣና ከጫፍ ሲደርስ ይዘረጋል። እውነተኛው ግንድ አሚቾው ነው፤ እሱም ከአፈር በታች ነው። ድቡልቡል፣ ነጭ፣ በምግብ የተሞላ ነው። ሥሮቹ ከጎኑና ከታቹ ይወጣሉ።

ቅጠሉን ሁሉ የሚያወጣው እንቡጥ የተቀመጠው ከአሚቾው አናት፣ ልክ መሐል ላይ ነው። ተክሉ ከቤት ቁመት በላይ ቢረዝምም እንቡጡ ለዓመታት እዚያው፣ ከመሬቱ ወለል አጠገብ፣ ይቆያል። ወደ ላይ የሚነሳው የማበቢያው ጊዜ ሲደርስ ብቻ ነው። ያን ጊዜ በተደራረቡት ቅጠሎች መሐል ሽቅብ ወጥቶ ከአናት ላይ ያብባል፣ በዚያው ተክሉ ያበቃለታል። እስከዚያ ድረስ እንቡጡ በአሚቾው ላይ ብቻውን ያዝዛል። እሱ በሕይወት እያለ ከአሚቾው ዳር ምንም አይነቃም። እሱ ሲወገድ ግን በአሚቾው ዙሪያ ያደፈጠው ሕይወት ሁሉ በአንድነት ይነሳል። እንሰትን የማባዛት ጥበብ በሙሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው፤ አንዱን እንቡጥ ሙሉ በሙሉ ማውጣት፣ ከእሱ በቀር ሌላ ምንም አለመጉዳት።

ሥራው የሚጀምረው እናት የምትሆነውን ተክል በመምረጥ ነው። ዕድሜዋ ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ይሆናል። ከዚያ ያነሰች ከሆነች አሚቾዋ ብዙ ቡቃያ የሚመግብ ስንቅ አልያዘም። ለማበብ የተቃረበች ከሆነች ደግሞ ለምግብ ብትፋቅ ይሻላል፤ ስታብብ የእንቡጧ ሥራ አብቅቷል። ባለሙያው ቅጠሉን ያያል፣ የቅጠሉን አከርካሪ ቀለም ያያል፣ ግንዱ ላይ ያለውን ነጠብጣብ ያያል። ይህን የሚያደርገው ለጤንነቷ ብቻ ሳይሆን ለስሟም ነው። የእንሰት ዓይነቱ በመቶ የሚቆጠር ነው፤ እያንዳንዱም ስም አለው። አንዱ ቆጮው ብዙ ነው፣ ሌላው አሚቾው ተቀቅሎ ይጣፍጣል፣ ሌላው ቃጫው ጠንካራ ነው። እናቲቱ የትኛዋ እንደሆነች ካልታወቀ ከስድስት ዓመት በኋላ ምን እንደሚበላ አይታወቅም።

ምርጫው ዋጋም አለው። ለማባዣ የተቆረጠች እንሰት ቆጮ አትሆንም። የሦስት ዓመት ፍግ፣ የሦስት ዓመት ቦታ ይዛ አድጋ ነው ለቢላ የምትቀርበው። ስለዚህ ጥሩ ገበሬ ደካማዋን አይመርጥም። ለዛሬ ቢያጎድልበትም ከጓሮው ካሉት ጠንካሮች አንዷን ለነገ ይለያል።

ጊዜው ብዙ ቦታ የበጋው ወራት ነው፣ የበልግ ዝናብ ከመግባቱ በፊት። አፈሩ ደረቅ ሲሆን የተቆረጠው አሚቾ ቶሎ አይበሰብስም። ዝናቡ ሲመጣ ደግሞ የነቃው ቡቃያ ውሃ ያገኛል። በእነዚህ በሁለቱ መሐል ያለው ጊዜ ለቁስሉ መድረቂያ ነው።

ቅጠሉ በገጀራ ይወርዳል። ግንዱ ከአሚቾው በላይ ከ10 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ተትቶ አግድም ይቆረጣል። ከዚያ ዙሪያው በዶማ ይቆፈራል፣ ሥሮቹ ይቆረጣሉ፣ አሚቾው ከነጉቶው ይነሳል። አፈሩ ይራገፋል። አሁን በእጅ ያለው ነገር ከላይ በኩል አጭር አንገት ያለው፣ ከታች ሰፋ ብሎ የተቆረጡ ሥሮች የሚታዩበት ነጭ አካል ነው። የተቆረጠው ቦታ ላይ ክቦቹ አንዱ በአንዱ ውስጥ ገብተው ይታያሉ። የውጮቹ ወፈር ያሉና በአየር ክፍተቶች የተሞሉ ናቸው። ወደ መሐል ሲሄዱ እየጠበቡና እየነጡ መጥተው አንድ ትንሽ፣ ለስላሳ፣ ጠቅልሎ የተቀመጠ ቅጠል ላይ ያበቃሉ። እንቡጡ ያለው በዚያ ቅጠል ቀጥታ ከታች ነው።

አሁን ገጀራው ይቀመጣል። የሚያስፈልገው ጠባብና ሹል ጫፍ ያለው ቢላ ነው። ባለሙያው ጫፉን ከመሐለኛው ቅጠል ዳር ያስገባና ወደ ውስጥ ዘንበል አድርጎ ያዞረዋል። የሚወጣው ቁራጭ ከላይ ሰፊ፣ ከታች ጠባብ ነው። መጀመሪያ የሚመጣው ለጋው ቅጠል ነው፤ ውሃ የተሞላ ስለሆነ ቢላው ሳይታገል ይገባል። አንድ ዙር፣ ከዚያ ሌላ ዙር፣ በየዙሩ ትንሽ ጠለቅ እያለ ይሄዳል። ቅጠሉ ሲያልቅ የቢላው ስሜት ይለወጣል። ለስላሳው ያበቃና ጠጠር ያለ፣ ድፍን፣ ንብርብር የሌለው የአሚቾ ሥጋ ይገኛል። ባለሙያው የሚጠብቀው ይህን ለውጥ ነው። ዓይን ከማየቱ በፊት እጅ ያውቀዋል።

ከዚያ ጣቱን አስገብቶ ይዳስሳል። በጉድጓዱ ወለል ላይ የክብ ምልክት፣ የተጠቀለለ ነገር፣ ወይም ከሌላው የለዘበ ነጥብ ካለ ገና ነው። አባቱ አጠገብ ተቀምጦ የሚማር ልጅ እዚህ ላይ «አባ፣ ይበቃል?» ብሎ ይጠይቃል። አባት በቃል ከመመለስ ጣቱን አስገብቶ ራሱ ይዳስሰዋል። ከእንቡጡ ጥቂት ቢቀር ያው አንዱ ተመልሶ ይነሳል፣ አንድ ቅጠል ያወጣል፣ የዳሮቹም ተመልሰው ይተኛሉ። አንድ ተክል ተቆርጦ አንድ ተክል ብቻ ተገኘ ማለት ነው። ቢላው ከሚገባው በላይ ከጠለቀም ጉዳት አለው፤ ቡቃያዎቹ የሚመገቡት ሥጋ ይባክናል፣ ለብስባሴም ሰፊ በር ይከፈታል። በሁለቱ ስሕተቶች መሐል ያለው ርቀት የጣት ውፍረት ነው።

የተፈለፈለው አሚቾ ወዲያው አይቀበርም። ጥላ ውስጥ ለጥቂት ቀናት ይቀመጣል። የተቆረጠው ገጽ መጀመሪያ ውሃ ያወጣል፣ ከዚያ ይጠቁራል፣ ከዚያ ደረቅ ቅርፊት ይይዛል። ይህ ቅርፊት ከአፈር የሚመጣውን ብስባሴ ይከላከላል። የቸኮለ ሰው በዚህ ይሸነፋል።

ከመቅበሩ በፊት አንድ ውሳኔ አለ፤ ሙሉውን ነው የምንቀብረው ወይስ ከፍለን? ሁለቱም ይሠራል። አንዳንዱ ሳይከፍል ይቀብራል። አንዳንዱ ከላይ ወደ ታች ሰንጥቆ ሁለት ያደርገዋል፣ አንዳንዱ አራት። ሲሰነጠቅ ቢላው በተፈለፈለው ጉድጓድ መሐል ማለፍ አለበት፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ከላይኛው ዳር ድርሻውን፣ ከታችኛውም ሥጋ ድርሻውን እንዲያገኝ። ቡቃያው የሚወጣው ከላይኛው ዳር፣ የቅጠሎቹ እግር ከአሚቾው ጋር ከሚጋጠምበት አካባቢ ነው፤ የሚመግበው የታችኛው ሥጋ ነው። ዳር የሌለው ቁራጭ ስንቅ ብቻ ይዞ ይቀራል፣ ሥጋ የሌለው ደግሞ አብቅሎ ይራባል። ቁራጩ ባነሰ ቁጥር ለቡቃያው የሚቀረው ስንቅ ስለሚያንስ ከአራት በላይ የሚከፍል ጥቂት ነው።

ጉድጓዱ አስቀድሞ ይዘጋጃል። ከቤት ቅርብ፣ ውሃ የማይተኛበት፣ ከብት የማይደርስበት ቦታ ይመረጣል። አሚቾው ገብቶ ትንሽ አፈር በላዩ እንዲያርፍበት ያህል ይቆፈራል። ከታች የበሰለ ፍግ ከአፈር ጋር ተቀላቅሎ ይነጠፋል። የበሰለ መሆኑ ይጠነቀቁበታል፤ ትኩስ እበት ሲበሰብስ ይሞቃል፣ ሙቀቱም የተቆረጠውን አካል ይጎዳል። አሚቾው የተፈለፈለው አፉን ወደ ላይ አድርጎ ይቀመጣል። አፉ ራሱ በአፈርና በደረቅ ፍግ ይሞላል፤ ባዶ ከተተወ ዝናብ ያቁራል። ከዚያ ሁሉም በስሱ ይሸፈናል። በላዩ የደረቀ የእንሰት ቅጠል ይለበሳል፤ እርጥበት ይይዛል፣ ፀሐይ ይመክታል፣ ኋላም ራሱ ፍግ ይሆናል።

ከዚህ በኋላ ለሁለት ሦስት ወር የሚታይ ነገር የለም። መሬቱን ከፍቶ የሚያይ ሰው የሚያበላሸው የመጀመሪያዎቹን ለጋ ጫፎች ነው። ጊዜው ሲደርስ አፈሩ ይሰነጠቃል። አንድ አረንጓዴ ጫፍ ይወጣል፣ ከዚያ አጠገቡ ሌላ፣ ከዚያ በጉቶው ዙሪያ ክብ ሠርተው ብዙ። ከአንድ አሚቾ ከ40 እስከ 200 ቡቃያ ሊገኝ ይችላል። ቁጥሩን የሚወስነው የአሚቾው መጠን፣ የዓይነቱ ባሕርይ፣ አፈሩና እንቡጡ የወጣበት ጥራት ነው። መሐሉ ባዶ ሆኖ ዙሪያው በእኩል ርቀት ከሞላ ቢላው ሥራውን በትክክል ሠርቷል።

ቡቃያዎቹ እናታቸው ላይ እንደተጣበቁ አንድ ዓመት ያህል ይቆያሉ። በዚህ ጊዜ የአሚቾውን ስንቅ ይጨርሳሉ፣ የራሳቸውን ሥርና የራሳቸውን ትንሽ አሚቾ ያበጃሉ። ከዚያ ይነቀላሉ። የእናቲቱ አካል አሁን ስፖንጅ ሆኗል፤ ጠቁሯል፣ ቀሏል። መለያየቱ በእጅ ይጀመራል። አንዱን ቡቃያ ከሥሩ ይዞ ወደ ውጭ መግፋት ነው። በደንብ የበሰለው በቀላሉ ይላቀቃል፣ ከታቹ ነጭ ሥርና ትንሽ ድቡልቡል ይዞ ይመጣል። አልላቀቅ ያለው በቢላ ይረዳል። ባዶ ግንድ ይዞ የመጣ፣ ሥርም ድቡልቡልም የሌለው፣ አይጸድቅም፤ ይጣላል። የቀሩት በመጠን ይለያሉ፤ ትልቁ ከትልቅ፣ ትንሹ ከትንሽ። ተደባልቀው ከተተከሉ ትልቁ በጥላው ትንሹን ያቀጭጨዋል።

አሁን የሚጀምረው ማዛወር ነው። በጉራጌና በሀዲያ እንሰት ከቡቃያነት እስከ መጨረሻ ቦታው ሁለት ሦስቴ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይዛወራል። በሲዳማ ማዛወሩ ያንሳል። በየደረጃው ያለው ተክል በየቋንቋው የራሱ ስም አለው፤ ስሙን የሰማ ዕድሜውንም፣ በጓሮው ውስጥ ያለበትንም ቦታ ያውቃል።

ለምን ይህን ያህል ይደከማል? ነገሩ የቦታ ሒሳብ ነው። የደረሰ እንሰት ቅጠሉን ለመዘርጋት ከጎረቤቱ ሁለት ሜትር ያህል መራቅ ይፈልጋል። በዚህ ርቀት 100 እንሰት 400 ካሬ ሜትር ይይዛል። ቡቃያ ግን ግማሽ ሜትር ይበቃዋል፤ በዚህ ርቀት 100ው በ25 ካሬ ሜትር ያድራል። ከመጀመሪያው በሰፊው ቢተከል አብዛኛው መሬት ለዓመታት ባዶውን ይቀመጣል። ጠበብ ካለ ቦታ ወደ ሰፊ፣ ከሰፊ ወደ ይበልጥ ሰፊ እያዛወሩ መሄድ ትንሽ ጓሮን ትልቅ ያደርጋል። ማዛወሩ ተክሉ የሚደርስበትን ጊዜ ያዘገያል፤ ገበሬው ግን ይህንንም በሒሳቡ ያስገባል። በየዓመቱ አሥር እንሰት ሊፍቅ የሚፈልግ ቤት፣ እንሰቱ በስድስት ዓመት የሚደርስ ከሆነ፣ ከየዕድሜው አሥር አሥር ቆሞ ሊኖረው ይገባል። በደንብ የተያዘ የእንሰት ጓሮ ውስጥ የገባ ሰው የሚያየው ይህን ሰልፍ ነው። አንድ ወገን ጉልበት ድረስ፣ ቀጥሎ ትከሻ ድረስ፣ ቀጥሎ ከራስ በላይ፣ ከዚያ ቅጠሉ ሰማዩን የሸፈነ።

የማዛወሩ ሥራ ራሱ ልክ አለው። ተክሉ ሲነሳ ሥሩ መቆረጡ አይቀርም፤ ስለዚህ የተቀዳደደው በቢላ እኩል ይስተካከላል። አዲስ ሥር የሚመጣው ከአሚቾው ነው፣ ከአሮጌው ሥር ጫፍ አይደለም። ቅጠሉም ይቀነሳል። ሥሩ ውሃ መሳብ እስኪጀምር ድረስ ሰፊ ቅጠል ያለውን ውሃ ያባክናል። መሐለኛው የተጠቀለለው ቅጠል ግን አይነካም፤ የሚቀጥለው ሕይወት እሱ ነው። አዲሱ ጉድጓድ አስቀድሞ ተቆፍሮ አየር ያገኘ ነው። ተክሉ ቀጥ ብሎ ይገባል፣ አፈሩ በእግር ይረገጣል፣ እንዳይወዛወዝ ይፈተሻል።

ይህ ሁሉ በአብዛኛው የወንዶች ሥራ ነው። ተክሉን የሚያቆመው ግን ፍጉ ነው፤ እሱም በብዙ ቤት የሴቶች ጉልበት ነው። ከበረት ተጠርጎ፣ በቅርጫት ተሞልቶ፣ ከእያንዳንዱ ተክል እግር ይፈስሳል። የቤቱ አመድና ጥራጊ ይከተለዋል። እንሰት ከቤት አጠገብ የሚተከለው ለዚህ ነው፤ ሸክሙ አጭር ይሆናል። ከብት የሌለው ቤት እንሰቱ ይቀጥናል። ሲደርስም የሚፍቁት፣ የሚያብላሉትና ቆጮና ቡላ የሚያወጡት ሴቶቹ ናቸው። አንዲት እናት ስትፍቅ የትኛው ዓይነት ምን ያህል እንዳወጣ ታያለች። በሚቀጥለው በጋ የትኛዋ እንሰት ለማባዣ ትለይ ሲባል ያ ዕውቀት ይፈለጋል።

በዚህ መንገድ የሚገኘው ቡቃያ ከእናቱ አይለይም። ዘር ፍሬ ሁለት ወላጆችን ይቀላቅላል፤ የእንሰት ፍሬ ጥቁርና እንደ ድንጋይ የጠነከረ ዘር አለው፣ አበቃቀሉ የዘገየና ያልተስተካከለ ነው፣ የሚወጣውም ተክል ምን እንደሚሆን አይታወቅም። ከአሚቾ የመጣ ቡቃያ ግን ያው ራሱ ተክል ነው። በሲዳማ ጌንቲቻ የተባለው ዛሬም ጌንቲቻ ነው። በጉራጌ ለተሰበረ አጥንት ይረዳል ተብሎ የሚበላው አስታራ ዛሬም አስታራ ነው። አያት ያባዙት ተክል አካሉ ሳይቋረጥ፣ ከቢላ ወደ ቢላ፣ የልጅ ልጅ ጓሮ ደርሷል። በወላይታ የሚገኘው የአረካ የግብርና ምርምር ማዕከል ከየአካባቢው ዓይነቶችን ሰብስቦ ያጠናል፤ የተሰበሰቡት ዓይነቶች ግን ለዘመናት በገበሬው ጓሮ ተመርጠውና ተጠብቀው የቆዩ ናቸው።

ሳይለወጥ መተላለፉ አደጋም አለው፤ እናቲቱ የታመመች ከሆነች ሕመሟም ይተላለፋል። የእንሰት አጠውልግ በሽታ በባክቴሪያ የሚመጣ ነው። በኢትዮጵያ መኖሩ በጽሑፍ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። መጀመሪያ መሐለኛው ቅጠል ይጠወልጋል፣ ከዚያ ሌሎቹ ይከተላሉ። የቅጠሉ እግር ሲቆረጥ ቢጫ የመሰለ ዝልግልግ ፈሳሽ ይወጣል። መድኃኒት የለውም፤ የታመመውን ነቅሎ መቅበር ብቻ ነው ያለው። በወላይታ ማዚያ የሚባለው ዓይነት ከሌሎቹ በተሻለ ይቋቋመዋል። በሽታው ከተክል ወደ ተክል ከሚተላለፍባቸው መንገዶች ዋናው ግን ያው ሕይወት የሚያባዛው ቢላ ነው። አንዱን ቆርጦ ሳይጸዳ ወደ ሌላው የሚሄድ ስለት ጓሮውን በሙሉ ሊጨርሰው ይችላል። ስለዚህ ጥንቁቅ ሰው በእያንዳንዱ ተክል መሐል ስለቱን በእሳት ያስመታዋል ወይም በበረኪና ያጥበዋል። ሥሩንም ይመለከታል። ነጭ ዱቄት የለበሰ ተባይ በሥሩና በአሚቾው ላይ ካለ ያን ተክል ለማባዣ አይጠቀምበትም፤ ተባዩ የሚጓዘው ከቡቃያው ጋር ነውና።

በአውሮፓ አትክልት ወዳዶች ቀይ ቅጠል ያለውን የእንሰት ዓይነት ማውሬሊ ብለው ለውበቱ ብቻ ያሳድጉታል። ብርድ ስለማይችል ክረምት ሲመጣ ወደ ቤት ያስገቡታል። በእኛ ደጋ ይህ ሁሉ ችግር የለም። እንሰት ከ1,500 እስከ 3,100 ሜትር ከፍታ ድረስ ይበቅላል፤ አዲስ አበባም በዚህ ውስጥ ናት። በብዙ የከተማ ግቢ አንድ ኮባ ለዳቦ ቅጠል ተብሎ በአጥር ጥግ ቆሟል። ባለቤቱ ቅጠሉን እየቆረጠ ይቆይና አንድ ቀን ተክሉ አብቦ ሲደርቅበት አዲስ ፍለጋ ይወጣል።

መውጣት አያስፈልገውም ነበር። ሁለት ኮባ ያለው ሰው፣ አንዱ ሦስት ዓመት ገደማ ሲሆነውና ጤነኛ ሲሆን፣ በበጋ ያውጣው፤ ቢላውን ያጽዳ፣ እንቡጡን ይፈልፍል፣ ያድርቀው፣ በበሰለ ፍግ ይቅበረው። ሁለተኛውን ለቅጠል ይተወው። ከአንድ ዓመት በኋላ ለራሱም ለጎረቤቱም የሚበቃ ቡቃያ ይኖረዋል። የመጀመሪያውን ግን ብቻውን ባይቆርጥ ጥሩ ነው። ለስላሳው የት እንደሚያበቃና ድፍኑ የት እንደሚጀምር በጽሑፍ ለማስተማር ይከብዳል፤ ከጉራጌ ወይም ከሲዳማ የመጡ አንድ አባት በሰፈሩ አይጠፉም። ጠይቋቸው፣ አጠገባቸው ተቀመጡ፣ ጣታችሁን ከእሳቸው በኋላ አስገብታችሁ ዳስሱ። ይህንንም አበባው ሳይወጣ አድርጉት። ያበበ እንሰት ለማባዣ አይሆንም።